የእምዬ ስፖርት በበዓለ ሃምሳ

ወንድሜ ትዕዛዙ፣ ሰላምታዬ ከሞላሌ ተነሥቶ አንተ ካለህበት ግንባር ይድረስ። እኛ ከናፍቆትህ በቀር ደኅና ነን።

ስማኝማ፣ እምዬ እንቅልፍ አገኙ። ነርሷ፣ «ቤትዎ ሆነው ጎንበስ ቀና፣ እጅ ዘርጋ ሰብሰብ ያድርጉ፤ ይተኛሉ» ብትላቸው፣ «በበዓለ ሃምሳ ስግደት? ልታስኮንኚኝ ነው?» ብለው አሻፈረኝ አሉ። የንስሐ አባታችን ሰምተው ሳቁና፣ «ስግደት ወደ ምሥራቅ ነው፤ እርስዎ ወደ ምዕራብ ዞረው ይሥሩ» ብለው ገላገሉን።

ይኸው ጠዋት ጠዋት ፊታቸውን በምዕራብ በኩል ወዳለው በር አዙረው ይሠራሉ፤ አብሬያቸው ስሠራ የኔም ወገብ ተፍታታ። ደብዳቤህ ከቀረበት ከጥምቀት ወዲህ እንዲህ ተኝተው አያውቁም። ብቻ በመንገዱ የወታደር ልብስ የለበሰ ሰው ብቅ ሲል፣ እጃቸው እንደተዘረጋ ይቀራል። እስኪያልፍ አብሬ እቆማለሁ።

የደብራችን ማርያም ትከተልህ፤ አጭርም ቢሆን ቃልህን ላክልን።

እኅትህ ወሰንየለሽ