አንድ መስመር ቦታ

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 14፣ ጠዋት 1፡30

አውቶቡስ ውስጥ ነኝ፣ ደብተሬ፤ ፊደሌ ይንቀጠቀጣል። ስድስት ወር የለፋሁበት ጽሑፍ የምሠራበት ሙዚየም ግድግዳ ላይ ተሰቀለ። ሰማይ ላይ ነዳጅ ስለመሙላት። ከመቶ ዓመት በፊት እዚሁ ካሊፎርኒያ ከላይኛው አውሮፕላን ቱቦ ይወርዳል፣ የታችኛው ሰውዬ በእጁ ይቀልበዋል። ኋላ በቱቦው ፈንታ ነዳጅ የሚያሻግር የብረት ዘንግ መጣ። ተዋጊው አውሮፕላን ቦምብ ጭኖ፣ ነዳጅ ቀንሶ ይነሳል፤ አየር ላይ ይሞላል። ዓረፍተ ነገሩ ሁሉ የኔ። ከሥሩ ያለው ስም የአለቃዬ ብቻ! ጠየቅሁት። የቡድን ሥራ ነው አለ። ዝም አልልም፤ ለአስተዳደሩ አቤቱታ እጽፋለሁ።

ቅዳሜ፣ 18፣ አመሻሽ

ዛሬ የኤግዚቢሽኑ ምረቃ ነበር። ጋሼ በላቸው መጣ፤ ፌርፋክስ መንገድ ካለው የሐበሻ ምግብ ቤት ጥግ የማይጠፋው፣ ከፓርኪንግ ሥራ ጡረታ የወጣው። በወጣትነቱ የኢትዮጵያ አየር ኃይል ቴክኒሺያን ሆኖ እዚህ አገር ሲሰለጥን አንዴ ነዳጅ ጫኝ አውሮፕላን ላይ ወጥቷል። ጅራቱ ውስጥ፣ በሆዱ ተኝቶ ዘንጉን ከሚመራው ወታደር ጎን ተኛ፤ ከታች የመጣው ፓይለት ጢሙ ሳይቀር ታየው። ናፕኪን ላይ እየሳለ ነግሮኛል። ሰው ሁሉ ቆሞ የሚያነበው ይህንኑ ነው። እኔ የጻፍኩት ግን፦ «አንድ የቀድሞ ቴክኒሺያን እንደሚያስታውሰው»።

ከረባት አስሯል። ጓደኞቹን ይዟል፤ አሜሪካ የተማርከው መኪና ፓርክ ማድረግ ነው እያሉ የሚያበሽቁትን። መነጽሩን አድርጎ አነበበ። ደግሞ አነበበ።

«በላቸው፣ የታለህ?» አለ ከጓደኞቹ አንዱ፣ ጋሼ ንጉሤ። ሳቁ።

«ኦኬ፣ የፓርኪንጉ ሰዓት አለቀ፣ እንሂድ» አለ ጋሼ በላቸው።

ወደ እኔ አላየም። እኔ ስለ ራሴ ስም ከአለቃዬ ጋር እጨቃጨቃለሁ።

እሁድ፣ 19

ከቤት አልወጣሁም። ናፕኪኑ ማህደሬ ውስጥ አለ። ለምን ስሙን አልጻፍኩም? እውነቱን ልንገርሽ። የምግብ ቤት ጨዋታ ምንጭ ተብሎ ሲጠቀስ ሥራዬን ክብደት ያሳጣዋል ብዬ። አለቃዬ ያደረገኝን እኔ ቀድሜ አድርጌዋለሁ። ፊቴን መስታወት ላይ ማየት አስጠላኝ።

ሰኞ፣ 20፣ ጠዋት 4፡00

ከአስተዳደሩ ኢሜይል መጣ። አቤቱታዬ ሠራ! ከአለቃዬ ስም ሥር አንድ መስመር ቦታ ተገኝቷል። አንድ ስም፣ ከነአባት፣ እስከ ስምንት ሰዓት ላኪ ይላል። ስሜን ጻፍኩ። ደስ አለኝ፣ ደብተሬ፤ አልዋሽሽም። አየሁት። አጠፋሁት። «በላቸው» ብዬ ጻፍኩ። ቆምኩ። አባቱ ማን ይባላል? ሁለት ዓመት ጋሼ፣ ጋሼ ብቻ። አንድ ቀን አልጠየቅሁም።

6፡40፣ ፌርፋክስ

የምግብ ቤቱ በር ላይ ነኝ። በመስታወቱ ይታዩኛል፤ ሁሉም አሉ፣ ጋሼ ንጉሤም። ደውዬ ለብቻው ልጠይቀው እችል ነበር። አይሆንም። ያዋረድኩት እነሱ ፊት ነው፤ የአባቱን ስም የምጠይቀውም እነሱ ፊት ነው። ከአለቃዬ ጋር ያለኝን ጠብ አልተውኩትም፤ እሱ ሌላ ቀን አለው። አንቺ ቦርሳ ውስጥ ግቢ። እስክሪብቶው እጄ ላይ ይቆይ።