የበቀለ የክርስትና ስም

ሰኞ፣ ኅዳር 12 ቀን 1981

አላውቅም አልኩ። ለቄስ። በሚካኤል ቀን።

ቄስ ኅሩይ ጠዋት ከቅዳሴ በቀጥታ ነው የመጡት። ሰፈሩ ሁሉ ቆሻሻውን ሲያጥን ነበር፣ እየሳሉ ገቡ። ወንበር ሰጠኋቸው። በቀለ ሆስፒታል ከገባ ሰነበተ አሉኝ። ግማሽ አካሉ በድን ሆኗል፣ አንደበቱ ተይዟል። ቀንዲል ሊቀቡት ይፈልጋሉ፣ የክርስትና ስሙን የሚያውቅ ግን ጠፋ። የንስሐ አባቱ ሞተዋል። ሚስት አላገባ፣ ዘመድ እዚህ አገር የለው።

"የጥንት ባልንጀራው እርስዎ ነዎት ብለውኝ ነው፣ ጋሽ ተፈራ" አሉ።

ባልንጀራ። ከሚስቴ ከአስካለ ቀብር የቀረ ሰው ባልንጀራ አይባልም አልኳቸው። ስሙንም አላውቅም አልኩ። መስቀላቸውን ሳልሳለም ሄዱ።

አውቀዋለሁ። በሶማሌ ወረራ ጊዜ ከተማው በእግሩ ወደ ሐረር ሲጎርፍ፣ እኔና በቀለ ካራማራ ላይ ድንጋይ ሥር ተጠግተን አውሮፕላኑ እስኪያልፍ ስንጠብቅ፣ የክርስትና ስም ተለዋወጥን። አንዳችን ብንቀር የተረፈው ለቄስ ይንገር ተባባልን። እሱ የኔን ያዘ፣ እኔ የሱን። መንገድ ሥራ አብረን ድንጋይ ስንፈልጥ የኖርን ነን፣ ከዚያ የቀረበ ዘመድ አልነበረንም።

ስሙ እኔ ዘንድ ነው። ይለምነኝ እንዳልል አንደበቱ ተይዟል።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 13

ጉልበቴን አሞኝ ዋለ።

ሀዎ መጣች። አጥሯ ከአጥሬ የተያያዘ ነው፣ የግመል ወተት ትሸጣለች። አንተ ትለኛለች፣ አማርኛዋ አንቱ የሚባል ነገር አያውቅም። ግን አዴር ማለቷን አትረሳም፣ በሶማሊኛ አጎቴ እንደማለት ነው። ቄሱ ምን ፈልገው ነው አለች። ነገርኳት። ቆማ ሰማችና ሳቀች።

"አዴር፣ እኔ ግመል አውቃለሁ። የመታውን ሰው ቂም ይዞ ይቆያል፣ አንድ ቀን ይነክሰዋል፣ ያበቃል። አንተ ግን ነክሰህም አትለቅም።"

ሁለተኛ እንዳትመጪ አልኳት። ነገም ትመጣለች።

በቀለ ከቀብሩ ለምን እንደቀረ እስከ ዛሬ አልነገረኝም። ታሞ ነው እንዳልል ያን ዕለት ገበያውን ሲያቋርጥ ያዩት አሉ። አስካለ ያበላችው ሰው ነው። ሸሚዙን የጠቀመችለት እሷ ናት። አንድ እፍኝ አፈር ሊያለብሳት አልመጣም። ምክንያቱን ይንገረኝ፣ ያኔ ይቅር እላለሁ ብዬ ቀረሁ። ጡረታ መቀበያው በር ላይ ስንገጣጠም እሱም ዞር፣ እኔም ዞር። ኩራት እንደሆን ለሱም አላነሰው።

ረቡዕ፣ ኅዳር 14

የቀበሌ ስብሰባ ነበር። ካድሬው ነፍስ የሚባል ነገር የለም፣ ያለው ቁስ አካል ብቻ ነው አለ። አጠገቤ ያለው ሰውዬ ያንኮራፋል። እጄን አወጣሁ።

"ሚስቴ በታመመች ጊዜ ከአልጋ የማነሳት የማስተኛት እኔ ነበርኩ። ቀላል ነበረች። የሞተች ዕለት ግን ከበደችኝ። ምኗ ወጥቶ ነው የከበደችው?"

ሰው ሳቀ። ካድሬው ወደሚቀጥለው አጀንዳ አለፈ። ረታሁት።

ደስ ብሎኝ ነበር ወደ ቤት የተመለስኩት። በሩን ከፍቼ ስገባ የምነግረው ሰው የለም። ረታሁት ብዬ ለግድግዳ አልነግር። ተቀመጥኩ። ተቀምጬ ሳስበው ነገሩ ወደኔው ዞረ። የአስካለ ነፍስ ካለች የበቀለም አለች። የኔም አለች።

ሐሙስ፣ ኅዳር 15

ጾም ገባ። ሽሮ ሠርቼ አሳረርኩ። እንዳረረም በላሁት።

ቂም ይዞ መጾም ሆድን ማስራብ ነው ትል ነበር አስካለ። ከሷ በኋላ አልቆረብኩም። ጉልበቴን አሞኝ ነው እላለሁ ሰው ሲጠይቀኝ። የሚጠይቀኝም የለም።

ሐርተሼክ መጠለያ ለሰፈሩት ስደተኞች ውሃ የሚያመላልሱት ቦቴዎች ቀኑን ሙሉ በደጄ ሲያልፉ ግድግዳው ይንቀጠቀጣል። ሰው መጣ እያልኩ ቀና እላለሁ።

ነገ ኪዳነ ምሕረት ናት። እሄዳለሁ። ለበቀለ ብዬ አይደለም።

ዓርብ፣ ኅዳር 16

ምን ብዬ ልጻፈው።

ቅዳሴው ሲያልቅ ቄስ ኅሩይን ጠብቄ ሰኞ ዋሽቻለሁ አልኳቸው። ስሙን አውቃለሁ፣ ይያዙ አልኳቸው። ደረቴን ነፍቼ።

"ኃይለ" አልኩ። ቆምኩ።

ኃይለ ማን? ኃይለ ብዬ አፌን እንደከፈትኩ ቀረሁ። ምላሴ ላይ ነው አልኳቸው። ታገሡኝ። ሰው ተሳልሞ ተበተነ፣ እኔ ቅጥሩ ሥር ቆሜ ኃይለ ኃይለ እላለሁ። የለም። ሰኞ የዋሸሁት ዛሬ እውነት ሆነ።

ሰኞስ አውቀው ነበር ወይ? አለኝ ብዬ ታበይኩ እንጂ አንድም ቀን በጸሎት አልጠራሁት። ያልጠሩት ስም ይጠፋል መሰለኝ።

ቄስ ኅሩይ አልተቆጡም። "የሱን ነፍስ እንኳ እግዚአብሔር በስሟ ያውቃታል" አሉ። "የርስዎስ እንዴት ነች?"

ልጄ የሚሆኑ ቄስ ናቸው።

"ለምን የስሙን ባለቤት ራሱን አይጠይቁትም?" አሉኝ።

"አንደበቱ ተይዟል አላሉኝም እንዴ?"

"ጆሮው አልተያዘም።"

ቅዳሜ፣ ኅዳር 17

ሄድኩ። ከሆስፒታሉ ደጅ ሁለት ጊዜ ተመልሼ ነበር።

በቀለ አንሷል። ያ ትከሻ የት ሄደ? ጺሙን የላጨው የለም። በቀለ፣ እኔ ነኝ፣ ተፈራ አልኩት። ዓይኑን ወደኔ አዞረ። ደህናውን እጁን ያዝኩ።

የክርስትና ስምህን ረሳሁት አልኩት። እንዲህ ማለት እንዴት እንደከበደኝ እኔ ነኝ የማውቀው። ስሙ ላይ ስደርስ ጨብጠኝ አልኩና ጀመርኩ። ኃይለ ማርያም። ምንም። ኃይለ ሚካኤል። ምንም። ኃይለ ገብርኤል። ኃይለ ጊዮርጊስ ስል ጣቱ ተንቀሳቀሰ። ለማረጋገጥ ኃይለ ኢየሱስ አልኩ። አሁንም ተንቀሳቀሰ።

"ኧረ አንዱን ምረጥ በቀለ" አልኩት።

የጎን አልጋ አስታማሚዎች ሳቁ። የበቀለም ከንፈር በአንድ ወገን ወደላይ ሄደ። በአንድ ዓይኑ እንባ ወረደ። ነርሷን ስጠይቃት፣ "የታመመው ወገን ነው አባባ፣ ዝም ብሎ ይፈሳል" አለችኝ።

ከዚያ ያንኑ ጠየቅኩት። ከአስካለ ቀብር ለምን ቀረህ? እጁ ዝም አለ። ታመህ ነበር? ዝም። ሰክረህ ነበር? ዝም። ሬሳዋን ማየት ፈርተህ ነው? ዝም አለ፣ ዓይኑን ግን ከኔ ላይ አላነሳም። ሌላም ልጠይቅ ነበር፣ ተውኩት። ምክንያቱን ይንገረኝና ይቅር እላለሁ ስል ኖሬ፣ መናገር የማይችልበት ቀን መጣ። እንግዲህ ያለ ምክንያት ነው።

"ለእግዚአብሔር ብዬ ይቅር ብዬሃለሁ። አንተም በለኝ" አልኩት።

ጨበጠኝ። ስሞቹ ላይ ጣቱ የተንቀሳቀሰው መልስ ይሁን ሌላ አላውቅም። ይሄኛው ግን መጨበጥ ነበር። አብሬው ድንጋይ ፈልጫለሁ፣ እጁን አውቀዋለሁ።

እሑድ፣ ኅዳር 18

ቄስ ኅሩይ ቀንዲሉን ቀቡት። ኃይለ ጊዮርጊስም ኃይለ ኢየሱስም ብለው ጸለዩለት፣ አንዱ ትርፍ ቢሆን አይጎዳውም አሉ። ሐኪሙ ይተርፋል አላለም። አይተርፍም አላለም።

ከሆስፒታሉ ስንወጣ የኔም ስም ወልደ ሰንበት ነው፣ ይያዙልኝ አልኳቸው። ከበቀለ በቀር የሚያውቀው ሰው የለም፣ እሱ ደግሞ እንዲህ ሆነ። የንስሐ አባት ይሁኑኝ አልኳቸው። እሺ አሉ። ቁርባኑን ገና እናያለን።

አልጋው አጠገብ ሰው የማይቀመጥበት በቀለ ብቻ ነው። ከሰዓት በኋላ ተመልሼ ተቀመጥኩለት። ጺሙን ላጨሁት፣ አገጩ ላይ ትንሽ ቆርጬዋለሁ።

ነርሷ ነገ አጥሚት ይዘው ይምጡ፣ እህል መዋጥ አቅቶታል አለችኝ። እሺ ብዬ መጣሁ። አጥሚት እንዴት እንደሚሠራ አላውቅም። አስካለ ስትሠራ ቆሜ አላየሁም። ሀዎን አጥር ላይ ሆኜ ጠራኋት። አጥሚት ምን እንደሆነ እስኪገባት ደከምን፣ የነሱን ሾርባ መሰላት። ኋላ ገባት። በወተት ነው አለች፣ ጾም ነው አልኳት፣ የታመመው እሱ ነው ወይስ አንተ አለችኝ። ጠዋት መጥታ ታሳየኛለች።

በቀለ እስከ ነገ ይቆይልኝ።