ጥጋኙን ሳይደብቁ የሣሉት ሠዓሊ

አቶ ቸሩ ወልደየስ ከአባታቸው ከአቶ ወልደየስ አባተና ከእናታቸው ከወ/ሮ ባዩሽ ይመር በ1946 ዓ.ም. ሞጆ ከተማ ተወለዱ። እዚያው ተምረው በ1964 ዓ.ም. አየር ኃይል ገቡና ደብረ ዘይት የተዋጊ አውሮፕላን አካል ጥገና ሠለጠኑ። ጥይት የበሳውን ቆርቆሮ ጠግነው አውሮፕላኑን ለአብራሪው ማስረከብ ሥራቸው ሆነ። ሥዕልም የጀመሩት በዚያው ነው፤ ከሥራ በተረፈ ቀለም።

በ1975 ዓ.ም. ከወ/ሮ ፍሬአለም ጋር ተጋብተው ኑኑን ወለዱ። ሠራዊቱ ከተበተነ በኋላ በ1986 ዓ.ም. ዱባይ መጥተው፣ ካራማ ሰፈር በቢድ ስፔስ፣ አንድ አልጋ ብቻ ተከራይተው እየኖሩ የሱቅ ታፔላ ይጽፉ ነበር። ቤተሰባቸውን ሲያመጡ ሻርጃ፣ አል ናህዳ ገቡ፤ ሳሎኑም በሥዕሎቻቸው ተሞልቶ የጦር አውሮፕላን ማረፊያ ሆነ። ወ/ሮ ፍሬአለም አንድ የቤተሰብ ፎቶ መስቀያ ቦታ አጥተው ኖረዋል።

አቶ ቸሩ አውሮፕላን ሲተኩስ አይሥሉም ነበር። መሬት ላይ ቆሞ፣ ዘይት አንጠባጥቦ፣ ጥጋኙ ሁሉ እየታየ ነበር የሚሥሉት። ካራማ የፍሬም ሱቅ ያለው ሀምዛ፣ «ያላ ቸሩ፣ ትንሽ እሳት ጨምርበት፣ ይሸጣል» ቢላቸው፣ «እሳት የፈለገ ምድጃ ይግዛ» አሉት። እንዲህ ያሉ ግትር ሰው ነበሩ፤ እኛ የስደት ወዳጆቻቸውም እንኮራባቸው ነበር።

አንድ አውሮፕላን ግን አርባ ዓመት ሙሉ ሳይሥሉ ቆዩ። በ1970 ዓ.ም. ክንፉን ጠግነው፣ ፈርመው ለሻምበል ማሩ ያስረከቡት ነው፤ ወጥቶ አልተመለሰም። ለምን እንደወደቀ ያወቀ የለም። እርሳቸው ግን «ጥጋኜ ለቆ ይሆን?» እያሉ ሲብሰለሰሉ ኖሩ።

በ2012 ዓ.ም. የኮቪድ ወረርሽኝ ቤት ሲያውላቸው ያንንም አውሮፕላን ሣሉት፤ የሻምበሉንም ስም ጻፉበት። ኑኑም ሳታስፈቅድ ፌስቡክ ላይ ለጠፈችው። የሻምበሉ ታናሽ እኅት ወ/ሮ ስንዱ ከዱባዩ የዴራ ገበያ ዕቃ ሊገዙ ከአዲስ አበባ መጥተው፣ በረራ ቆሞባቸው አጅማን ተቀምጠው ነበር። ሥዕሉ ላይ የወንድማቸውን ስም አነበቡ፤ መንገድ ሲከፈትም በማስክ ተሸፍነው እነ አቶ ቸሩ ቤት ከተፍ አሉ።

አቶ ቸሩ ምንም ሳይደብቁ ነገሯቸው። ወ/ሮ ስንዱ ወደ ሥዕሉ ተጠጉ። ከዚያ «የቱ ነው?» ብለው እጃቸውን ጥጋኙ ላይ አሳረፉ። «ማሩ ጫማውን እንኳ ሦስቴ ሳያይ ከቤት አይወጣም ነበር። ይህንንም አይቶ፣ አምኖበት ነው የወጣው። በቃ ኸላስ፣ ጋሽ ቸሩ!» አሏቸው። አቶ ቸሩ ተንሰቅስቀው አለቀሱ። ከዚያ ቀን በኋላ ፊታቸው ፈታ ብሎ አይተናቸዋል።

በኮቪድ ታመው በሕክምና ሲረዱ ቆይተው፣ ጥር 14 ቀን 2013 ዓ.ም. በ67 ዓመታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸውን ወ/ሮ ፍሬአለምን፣ ልጃቸውን ኑኑንና ሁለት የልጅ ልጆችን ትተው አልፈዋል። ለወላጆቻቸው አንድ ስለነበሩ፣ በዚህ የሕይወት ታሪክ ላይ እኅትና ወንድም የሚጻፍበትን ቦታ ባዶ ልንተወው ነበር። ወ/ሮ ስንዱ ግን ከአዲስ አበባ ደውለው «እኔን አስገቡኝ» አሉ። እነሆ፣ እኅታቸው ወ/ሮ ስንዱ።

እግዚአብሔር የወ/ሮ ስንዱን የሁለቱንም ወንድሞች ነፍስ በአንድ ያሳርፍልን። አሜን።