አንቺን ለምዳለች

ለማከብርህ ታላቅ ወንድሜ፣

እንደምን ከርመሃል? ባለቤትህ ደህና ናት? ልጆቹስ? ያ የወገብህ ነገር ተሻለህ? እኔ «ከናፍቆትህ በቀር ደህና ነኝ» ብዬ እንዳልጽፍልህ ናፍቆቱም ደክሞታል፣ ደህንነቱም የለም። እማዬ ግን ደህና ናት። ደህና መሆኗን ስለምታውቅ አይደል አንተስ ለጥ ብለህ የምትተኛው።

ስለ ደም ግፊቴ የላክህልኝ የድምፅ መልእክት ሁሉ ደርሶኛል። ስኳር ቀንሺ፣ ጨው ተዪ፣ ጠዋት ጠዋት ተራመጂ፣ በጊዜ ተኚ። ሁሉም ልክ ነው። ሐኪሜም ያንኑ ነው የምትለኝ፤ «ጭንቀት ቀንሺ» ብላ ትጨምርበታለች፣ በማንኪያ ተለክቶ የሚቀነስ ይመስል። «አንቺ እኮ የጎደለሽ ቁርጠኝነት ነው» ያልከኝ ግን እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም።

አልሞከርሽም እንዳትለኝ ደግሞ። ያስተማርከኝን አተነፋፈስ ሥራ ቦታ ሞከርኩት። የምሠራውን ታውቃለህ፤ ውሃ የጠፋበት ሁሉ ደውሎ የሚሰድበው እኔን ነው። አንዱ ደንበኛ ከነዘር ማንዘሬ ሙልጭ አድርጎ ሲሰድበኝ ዓይኔን ጨፍኜ አየሩን በአፍንጫዬ ሳብኩና በአፌ ቀስ አድርጌ አወጣሁት። ሰውየው «ጭራሽ ትተነፍሺብኛለሽ?» ብሎ ከሰሰኝ። አለቃችን የተቀዳውን አሰምቶኝ፣ በደንበኛ ላይ ምሬት አሳይታለች ብሎ ማስጠንቀቂያ ጻፈብኝ። ከዚያ ወዲህ መሳቢያዬን ከፍቼ ብስኩት ነው የምበላው። ብስኩት ምራቅ ካራሰው ድምፅ የለውም።

ቤት ስገባ ቀን ቀን እማዬን የምትጠብቅልኝ ጎረቤታችን ኮቷን ለብሳ በር ላይ ናት። እማዬ ደግሞ «ልጄ የት ሄደች?» ትለኛለች። እኔ ነኝ ስላት ትስቃለች። እኔ ስተኛ ትነሳለች፤ እሷ ስትተኛ እኔ ለሥራ እነሳለሁ። አንተን ግን አልረሳችህም፤ ፎቶህን ባየች ቁጥር በስምህ ትጠራሃለች። ቅናት ነው ትል ይሆናል። አዎ፣ ቅናትም ነው።

ባለፈው ሳንባዋን ታማ ሆስፒታል የተኛች ጊዜ የሆነውን ለማንም አልተናገርኩም። ጠያቂ የሚያስገቡት ከሰዓት በኋላ ብቻ ነበር። አይቻት ስወጣ ታክሲ አልያዝኩም፤ አንተ በላክህልኝ ጫማ በእግሬ ቤቴ ገባሁ። ማንም አላዘዘኝም። እንደገባሁ ጭልጥ ያለ እንቅልፍ ወሰደኝ። በማግስቱም እንዲሁ። ብስኩቱን ተውኩት አልልህም፣ ረሳሁት እንጂ። ግፊቴን የለካችኝ ነርስ «እሰይ! ምን አድርገሽ ነው?» ብላ ስትደሰትልኝ፣ እናቴ ታማ ነው ይባላል? አፍሬ እጅጌዬን አወረድኩ። እማዬ ተሽሏት ቤት የገባች ቀን፣ ብፌው ፊት ቆሜ፣ አፌን ሞልቼ ሳኝክ ነው የባነንኩት። ይኼን ሁሉ ዘመን ሰነፍ ነኝ እያልኩ ራሴን ስረግም ኖሬያለሁ። ለካ ሰውነቴ እረፍት ካገኘ ምክር አያስፈልገውም።

ያኔ ነው የደወልኩልህ። «እማዬን ለጥቂት ወር ውሰድልኝ» ብዬ ለመንኩህ። ምን አልከኝ? «እሷ እኮ አንቺን ለምዳለች፤ በዚህ ዕድሜዋ ቦታ ብትቀይር ትጎዳለች።» ወዲያው ደግሞ የእንግዳ ክፍሉን ቀለም እያስቀባህ እንደሆነ አጫወትከኝ። የእሷ ልማድ እንዳይነካ ትሳሳለህ፤ የእኔ በቁርጠኝነት ይቀየር። ተናድጄብሃለሁ፣ እስካሁንም አልበረደልኝም።

በቀደም ሥራ ላይ ከንፈሬ በአንድ በኩል ደነዘዘ። ምላሴ አልታዘዝ አለኝ። ደንበኛው «ጠጥተሻል እንዴ?» አለና ዘጋብኝ። ሐኪሜ አይታኝ፣ የአሁኑ ማስጠንቀቂያ ነው፣ የሚቀጥለው አልጋ ላይ ያስቀርሻል አለችኝ። «መድኃኒቱን እጨምርልሻለሁ፤ ቤትሽን ግን ልለውጥልሽ አልችልም» ብላ አቀረቀረች። እኔ አልጋ ላይ ከቀረሁ እማዬን ማን ያነሳታል? ማንንስ ልትለምድ ነው?

እንግዲህ ጠይቀኸኝ ስለማታውቅ ሳትጠይቀኝ ልንገርህ። ሰው ሠራሽ ጥርሷን ጫማዋ ውስጥ ትደብቃለች፤ ሳታራግፍ እግሯ ላይ እንዳታደርግላት። ከላይ የሚወርድ ውሃ ያስፈራታል፤ በጆግ እየቀዳህ እጠባት፣ ከእጇ ጀምር። ባለቤትህን ከከበዳት ራስህ እጠባት፤ እሷም አጥባሃለች። «ቤቴ ልሂድ» ስትል አትከራከራት። «እሺ፣ መጀመሪያ ሻይ እንጠጣ» በላት፣ ትረሳዋለች። ስታለቅስ አትምከራት፣ ጀርባዋን እሽላት። የልብ መድኃኒቷ ሻንጣው የጎን ኪስ ውስጥ ነው፤ ከምግብ በኋላ ስጣት።

ትቀየመኛለህ። ተቀየመኝ። ዛሬ ጠዋት ፀጉሯን ቀስ ብዬ አበጠርኩላት። ዞር ብላ አየችኝና «የማን ልጅ ነሽ? እጅሽ ደግ ነው» አለችኝ። ኮቷን አልብሼ ቁልፎቹን ቆለፍኩላት።

ፈጣሪ ጤናህን ይጠብቅልህ። ልጆችህ በሰላም ወጥተው ይግቡ። ለባለቤትህ ትከሻ፣ ላንተም ትዕግሥት ይስጥልኝ።

ታናሽ እህትህ

ይኼን ደብዳቤ የሰጠህ ሹፌር ጎረቤቴ ነው። ባዶ መኪናውን ይዞ እንዲመለስ ቃል አስገብቼዋለሁና አትለምነው። በር ላይ ቆመህ እያነበብክ ከሆነ ደግሞ፣ እግሯ ብዙ አያቆማትም፤ ቶሎ ወንበር አውጣላት።