ያልዋጥከው ክኒን

ውድ ወንድም ጋሼ፣

እንደምን ነህ ብዬ እንዳልጀምር መልስ አትልክልኝም፤ ደህና ነኝ እንዳልልህ ደግሞ ውሸቴን ከሩቁ ትለያለህ። ስለዚህ በቀጥታ ስለ እማዬና ስለዚያ ሾርባ ላውራህ።

መገጣጠሚያዬ ጠዋት ጠዋት እየተሳሰረ ሲያስቸግረኝ ሐኪሙ ለዚህም ይረዳል ብሎ የወባ መድኃኒት አዘዘልኝ። «ትንኝ ሳይነክስሽ የወባ በሽተኛ ሆንሽ» እያልክ ስትስቅብኝ ከረምክ። ከዚያ ያ ቫይረስ መጣ። የወባው መድኃኒት ያድናል የሚል ወሬ ተነዛና ፋርማሲህ ደጃፍ ላይ ሰው ተጋፋ። መደርደሪያው ባዶ ሲቀር ለማንም ያልሰጠኸው የእኔን ብልቃጥ ብቻ ነበር። በሱ ምክንያት ስንቱ ተቀየመህ።

እነሱን ስታስተናግድ በሽታው አንተንም ያዘህ። እማዬ ብልቃጤን ይዛ አልጋህ አጠገብ ቆማ ለመነችህ። ለቫይረሱ መርዳቱ አልተረጋገጠም፣ እህቴ ግን ያለሱ ከአልጋ አትነሳም ብለህ እምቢ አልክ። እማዬ በዚህ የምትመለስ ናት? ጥቂቱን አድቅቃ ሾርባህ ውስጥ በተነችው። አንድ ማንኪያ ቀመስክና ማንኪያውን አስቀመጥክ። ትንፋሽ እያጠረህ እንኳ ሳቅህ መጣ።

«እማዬ፣ ይሄን ምሬት እኮ ስሸጠው የኖርኩት እኔ ነኝ። የቀረውን ለእህቴ ስጫት።»

ሰጠችኝ። በሳምንቱ ጥለኸን ሄድክ።

ከዚያ ወዲህ ክኒኔን ስውጥ እማዬ ፊቷን ታዞራለች። ክፉ ቃል አልወጣትም፤ ብትናገረኝ ይቀለኝ ነበር። የልጇን ዕድሜ የምውጥባት ነበር የሚመስላት። እውነቱን ልንገርህ፣ አንዳንድ ቀን ለእኔም እንደዚያው ይመስለኝና ጉሮሮዬ ላይ ይቀራል።

ሰሞኑን ሐኪሙ ጋ አብራኝ ሄደች። እኔን መርምሮ ሲጨርስ አላስችል ብሏት፣ ልጄ ያን መድኃኒት ቢውጥ ኖሮ ይድን ነበር ወይ ብላ ጠየቀችው። ወንበሩን ወደሷ አስጠግቶ፣ በብዙ በሽተኞች ላይ ተሞክሮ ለቫይረሱ እንዳልረዳ ረጋ ብሎ አስረዳት። ልክ ነበርክ፣ ወንድም ጋሼ። እኔ ደግሞ ሞኟ፣ ቀለል ይላታል ብዬ ጠብቄ ነበር። እማዬ ግን ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳብ አደረገች።

«እንግዲያው ላደርግለት የምችለው ምንም አልነበረማ» አለች።

ለካ እስከዛሬ ደግፋ ያቆመቻት ያቺ «ቢውጠው ኖሮ» ነበረች። ቤት እንደገባን ክኒኔን ከነውሃው ራሷ አቀበለችኝና እስክውጠው ዓይን ዓይኔን አየችኝ። ከዚያ ተቃቅፈን፣ ገና ዛሬ እንደሞትክ ሆነን አለቀስንልህ።

እማዬን አታስብ፤ አለሁላት።

ታናሽህ