አልቋል ያልኩሽ ዱቄት

ውድ የሥራ ጓደኛዬ፣

እንደምን ከርመሻል? ከሄድሽ ስምንት ወር ሆነሽ። ዝም ያልኩሽ ሥራ በዝቶብኝ አይደለም፤ ፊትሽን በሐሳቤ እንኳ ቀና ብዬ ማየት ስላቃተኝ ነው።

በቤተ ሙከራችን ሴሊኒየም የሚባለው ንጥረ ነገር ያለባቸውን የህመም ማስታገሻ ዱቄቶች የምሠራው እኔ ነበርኩ። ሽታው ፀጉሬ ውስጥ ስለሚቀር ባለቤቴ «ዛሬም የበሰበሰ ነጭ ሽንኩርት ይዘሽልኝ መጣሽ?» እያለ ሶፋው ጫፍ ላይ ይቀመጥ ነበር። አንቺ ዱቄቱን ተቀብለሽ ለሙከራ አይጦቹ ትሰጫለሽ፤ ሞቃቱ ሳህን ላይ ሆነው እግራቸውን እስኪልሱ ሰከንድ ትቆጥሪያለሽ። ዱቄቱን የወሰዱት ሙቀቱን ካልወሰዱት የበለጠ ይችሉታል። አለቃችን ታዲያ የሚያጨበጭበው ላንቺ! እኔ ጓንቴን ይዤ በር ላይ እስቃለሁ፤ ውስጤ ግን ይንጨረጨራል።

ከዚያ ያቺ ማክሰኞ መጣች። የሞርፊንን ሥራ የሚያከሽፈውን መድኃኒት አስቀድመሽ ለአይጦቹ ሰጠሻቸው፤ ዱቄቱ ግን ማስታገሱን አላቆመም። ያቆመው ሴሮቶኒን የሚባለው የነርቭ መልእክተኛ የሚሠራበትን መንገድ ስትዘጊበት ነው። እየሮጥሽ መጥተሽ አቀፍሽኝ።

«እህቴ፣ በሞርፊን በር አይደለም የሚገባው! የራሱ በር አለው! አንድ ዙር ልድገመው፣ ትንሽ ስጪኝ።»

«አልቋል» አልኩሽ።

«እንደገና አትሠሪልኝም?»

«ጥሬ ዕቃው የለም።»

ውሸቴን ነበር። ማቀዝቀዣው ውስጥ፣ ከኋላ በኩል፣ ሙሉ ብልቃጥ ደብቄ ነበር። ኮንትራትሽ ሊያልቅ ሦስት ሳምንት እንደቀረው አውቃለሁ። አለቃችን «ያልተደገመ ውጤት አጋጣሚ ነው» ብሎ ጉዳዩን ዘጋው፤ ኮንትራትሽም ሳይታደስ አለቀ። ዕቃሽን እስከ ታክሲው የተሸከምኩልሽ እኔው ነኝ። «እንዳንቺ ያለ ጓደኛ የለኝም» ስትዪኝ ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ባለፈው ወር ሙከራውን ራሴ ደገምኩት። ሦስት ጊዜ። ልክ ነበርሽ። አንድ ቀን ሙሉ የራሴ ላደርገው ቃጣኝ። በማግስቱ አለቃችን ቢሮ ገብቼ ሁሉንም ዘረገፍኩት። «ለእሷ ነግረሻታል?» አለኝ።

«አልነገርኳትም።»

«ታዲያ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?»

ለመጽሔት ያዘጋጀነውን ጽሑፍ ከዚህ ጋር ልኬልሻለሁ። ከጸሐፊዎቹ ሁሉ መጀመሪያ ላይ ያለው ስም ያንቺ ነው። ስጽፈው ቅናቱ ለቀቀኝ ብዬ ደግሜ አልዋሽሽም፤ እንደ ጥርስ ሕመም ጠዘጠዘኝ። ቢሆንም ጻፍኩት። ስህተት ካገኘሽበት አርመሽ ላኪልኝ። ስድብም ካለሽ አብረሽ ላኪው፣ እቀበለዋለሁ።

ዛሬም የምቀናብሽ፣ ዛሬም የምትናፍቂኝ
ጓደኛሽ