የአውሮፕላን አብራሪው ለቅሶ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

እዚህ ሰው አገር፣ ሴንት ጄምስ ታውን በሚባለው ሰፈር ጎረቤቴ የነበረው ፈረንጅ ሽማግሌ ትናንት ተቀበረ። በወጣትነቱ፣ በጦርነት ጊዜ አውሮፕላን አብራሪ ነበር። ከቀብር በኋላ ወንድ ልጁ እቤቱ ሜዳሊያዎቹን ጠረጴዛ ላይ ደርድሮ፣ አባቱ የሚነድ አውሮፕላን እየነዳ ጓደኞቹን ይዞ እንደተመለሰ ከወረቀት አነበበ። ከዚያ ሳንድዊች በልተን ተበተንን። የጀግና ለቅሶ ብለው ሞተዋል። ሽማግሌው ለኔ ስለ ሜዳሊያ አንድ ቀን አውርቶኝ አያውቅም፤ የሚያወራው አብረውት በርረው ስላልተመለሱት ልጆች ነበር።

ዛሬ ሴት ልጄ በመኪና አድርሳኝ፣ ነጠላዬን አዘቅዝቄ የሟቹ ልጅ ቤት ለቅሶ ልደርስ ሄድኩ። ቁምጣ ለብሶ ሊሮጥ ሲወጣ በር ላይ ተገናኘን።

«ትናንት የረሱት ዕቃ አለ?» አለኝ።

«አብሬህ ልቀመጥ ነው የመጣሁት» አልኩት በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ።

«ደህና ነኝ፣ አመሰግናለሁ» ብሎኝ ሮጠ። አባቱ ሰማይ ላይ ጥይት ሲዘንብበት አልሸሸም፤ እሱ ከአንድ ሽማግሌ ሸሸ።

መኪና ውስጥ ገብቼ ይህን ባለጌ ስሰድብ ቆየሁና ልጄን፣ «አባት ሲሞት መሥሪያ ቤትሽ ስንት ቀን ፈቃድ ይሰጣል?» አልኳት።

«ሦስት ቀን፣ አባዬ» አለች፣ ዓይኗን ከመንገዱ ሳታነሳ።

ምንም ሳታስብ ነው የመለሰችው። አስቀድማ ጠይቃ ነበር ማለት ነው።